አሮጊቷን ስንፈታት፦ ለመለዋወጫ ተብላ በጨረታ የተገዛች ላንድክሩዘር ሙሉ ታሪክ

የላንድክሩዘሬ ቴስታታ፣ ማለትም ሞተሩን ከላይ የሚከድነው ብረት፣ የተሰነጠቀው ከባቲ በላይ ባለው ዳገት ላይ ነው። ሾፌሬ ከሰመራ ሲመለስ ሚሌን አልፎ ወደ ኮምቦልቻ እየወጣ ነበር፤ ከኋላ ስድስት ሰው፣ ጣሪያው ላይ ድንኳንና የውሃ ጀሪካን ተጭኗል። የሙቀት መለኪያው ቀዩን እንደነካ ቢያቆም ኖሮ ጓርኒሲዮን (ከሥሩ ያለውን ማሸጊያ) በመቀየር ብቻ እንተርፍ ይሆናል። እሱ ግን ጥላ ያለበት ስፍራ እስኪያገኝ ሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ገፋ። አልፈርድበትም፤ እንግዳ ይዞ በዚያ ፀሐይ መንገድ ዳር መቆም ከባድ ነው። መኪናዋ ተጭና አዲስ አበባ ደርሳ ሞተሩ ሲከፈት ግን በሁለት ሲሊንደሮች ላይ፣ በባልቦላዎቹ (አየር በሚያስገቡትና ጭስ በሚያስወጡት በሮች) መሃል፣ ፀጉር የሚያክል መስመር ታየ።

መኪናዋ ቶዮታ ላንድክሩዘር ሃርድ ቶፕ ናት፤ ሰሌዳዋ ላይ ሳይሆን ሻንሲዋ ላይ ያለው ስሟ ኤች ዜድ ጄ 78 ነው። ሁለት አሉኝ። ለመስክ ሥራና ለጉብኝት አከራያቸዋለሁ፤ የቤቴ ገቢ ከእነሱ ነው። ሞተራቸው ዋን ኤች ዜድ የሚባለው ነው፦ ስድስት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ 4,164 ሲሲ፣ ተርቦ የሌለው፣ ናፍጣውን በሜካኒካል ፓምፕ የሚገፋ። ኮምፒውተር ስለሌለው ገጠር መሃል ቢቆም እንኳ መፍቻና ትዕግሥት ያለው ሰው ያስነሳዋል። ይህን ሞተር የምወደው ለዚህ ነው። ድክመቱ ደግሞ ቴስታታው ላይ ነው፤ ናፍጣው መጀመሪያ የሚቀጣጠለው ቴስታታው ውስጥ በተቀመጠች ትንሽ ክፍል ስለሆነ፣ ውሃ ጎድሎ ሲግል ቀድሞ የሚሰነጠቀው እሷ ያለችበት አካባቢ ነው።

በማግስቱ መርካቶ፣ ሶማሌ ተራ ገባሁ። አዲስ ኦርጅናል ቴስታታ የተጠየቅሁበት ዋጋ አስደነገጠኝ። ኮፒው በርካሽ ነበር፤ ግን መካኒኬ ከዚያ በፊት በኮፒ የሠሯቸው ሁለት ሞተሮች ዓመት ሳይሞላቸው ስለተመለሱባቸው በጄ አላሉም። አገልግሎት የሰጠ ኦርጅናል ደግሞ ሲገኝ፣ ሻጩ ሳይሰነጠቅ የቀረ መሆኑን በቃሉ ብቻ ነው የሚያረጋግጠው። ዋጋው ለምን እንዲህ እንደወጣ ማንም ያውቃል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከመቶ አለፈ። ከዚያ ቀደም ብሎ በዚያው ዓመት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተከልክሏል። የ2012ቱ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ደግሞ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አስቀድሞ የማይቀመስ አድርጎት ነበር። ስለዚህ አገር ውስጥ ያለችው አሮጌ መኪና ሁሉ ዋጋዋ ወጣ፤ አሮጌዋን የሚያኖረው ዕቃም አብሮ ወጣ።

መካኒኬን ጋሼ እላቸዋለሁ፤ ከአርባ ዓመት በላይ እጃቸው ከናፍጣ አልተለየም። «ልጄ፣ ቴስታታ ብቻ ከምትፈልጊ ለምን ሙሉ መኪና አትገዢም?» አሉኝ። «ጨረታ ላይ የቆመች አሮጌ ፈልጊ፤ የምትፈልጊውን እንወስዳለን፤ የቀረውን እንሸጣለን።» ሲናገሩት ቀላል ነበር። እኔም ሁለተኛዋ መኪናዬ የናፍጣ ፓምፗ እያንጠባጠበ ስለነበር፣ የፊት መስታወቷም ከጥግ እስከ ጥግ ስለተሰነጠቀ፣ ነገሩ በአንድ ድንጋይ ብዙ የሚያወርድ መሰለኝ። አዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ የሚወጡትን የጨረታ ማስታወቂያዎች ከዚያ ቀን ጀምሮ መቁረጥ ያዝኩ።

በሁለት ወር ውስጥ ሁለት መኪኖች ተገኙ። የመጀመሪያዋ የአንድ እርዳታ ድርጅት ናት፤ ልክ እንደ እኔዋ ኤች ዜድ ጄ 78፣ ተገልብጣ ጣሪያዋ የተጨፈለቀ፣ ከታች ግን ሙሉ። ሞተሯ፣ ካምቢዮዋ (የማርሽ ሳጥኗ)፣ ፊትና ኋላዋ፣ ቸርኬዋ (የጎማዋ ብረት)፣ ሁሉም ሳይቀነስ ሳይጨመር ወደ እኔ መኪና ይገባል። ሳያት ልቤ ቆመ። የጨረታ ሰነዱን ገዝቼ ሳነበው ግን ቀረጥና ታክስ ያልተከፈለባት መሆኗንና ክፍያውም የገዢው መሆኑን አገኘሁ። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ያንን መብት ወደሌለው ሰው ሲተላለፍ የተዘለለው ቀረጥ ይጠየቃል፤ ለመንዳት ብገዛትም፣ ልፈታት ብገዛትም ለውጥ የለውም። አንድ የጉምሩክ አስተላላፊ ዘመዴን ለመንኩ፤ ቁጭ ብሎ አሰላልኝ። ቀረጡ ልሰጥ ካሰብኩት ዋጋ በለጠ። ጋሼ ለሁለት ቀን አኮረፉኝ፤ እንደሷ ያለች ዳግም አትገኝም ብለው። እውነታቸውን ነበር፤ አልተገኘችም። ቢሆንም ያንን ወረቀት ባላነብ ኖሮ ዛሬ ሁለቱንም መኪኖቼን ሸጬ ዕዳ እከፍል ነበር።

ሁለተኛዋ ሐዋሳ፣ በአንድ መንግሥት መሥሪያ ቤት ግቢ፣ ከዋንዛ ሥር ቆማ ነበር። ቀረጥ የተከፈለባት፣ ሊብሬዋ ያለ፣ ኮድ 4 ሰሌዳ። ማስታወቂያው «ቶዮታ ላንድክሩዘር ሃርድ ቶፕ» ከማለት ሌላ አልጨመረም። ሄደን ስናያት ጋሼ ኮፈኑን እንኳ ሳይከፍቱ ወደ ጎማው ጎንበስ ብለው ዳዶዎቹን፣ ጎማውን የሚያስሩትን ብሎኖች፣ ቆጠሩ። ስድስት። የእኔዎቹ አምስት ናቸው። «75 ናት» አሉ።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነውና። 75ቷና 78ቷ ከሩቅ እህትማማቾች ይመስላሉ፤ ሁለቱም ረጅም ሃርድ ቶፕ፣ ሁለቱም ዋን ኤች ዜድ ሞተር ሊይዙ ይችላሉ። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ1999 ቶዮታ ይህን መኪና ሲያድስ ከሥሩ ብዙ ነገር ቀይሯል። አሮጌዋ ከፊትም ባሌስትራ (የተደራረበ ብረት) ላይ ነው የምትቀመጠው፤ አዲሷ ከፊት በሞላ (በተጠማዘዘ ሽቦ) ነው። የኋላው ባሌስትራ ርዝመቱ ተለውጧል። ቸርኬው ከስድስት ዳዶ ወደ አምስት ወርዷል። አሮጊቷ የያዘችው ካምቢዮ ኤች 55 ኤፍ ነው፤ የእኔዎቹ አር 151 ኤፍ ናቸው። ዲፈረንሻሉንም ቢሆን፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና የፊቱና የኋላው ጥርስ ምጣኔ እኩል ካልሆነ ፈረሱን (አራቱንም ጎማ የሚያጎትተውን) ሲያስገቡ እርስ በርሱ ይጎተትና ይሰብራል። ስለዚህ ከሞተሩ በታች ያለው ሁሉ ለእኔ መኪና ዜሮ ነበር። ከሞተሩ ላይና ከጋቢናው ግን የሚሆነኝ ብዙ ነው፤ የፊት መስታወቱ ለምሳሌ በሁለቱም ላይ አንድ ነው።

ለማየት የተፈቀደው በሥራ ሰዓት፣ ሳይነኩ ነበር። ባትሪ ስለሌላት ማስነሳት አይቻልም። ጋሼ የግቢውን ጥበቃ በትህትና አነጋግረው አንድ ነገር ብቻ አስፈቀዱ፤ ትልቅ መፍቻ ከፊት ባለው የፑሌጋ (የቀበቶ ማዞሪያው) ብሎን ላይ አስገብተው ሞተሩን በእጅ ማዞር። ሁለት ሙሉ ዙር አዞሩት። በሁለት ዙር ስድስቱም ሲሊንደር ተራቸውን ይጨምቃሉ፤ እጃቸው ስድስት ጊዜ ሲከብድ ስድስት ጊዜ ሲቀል ዓይናቸውን ጨፍነው ቆጠሩ። ሁሉም ተቀራራቢ ነበር። ከዚያ የዘይት መለኪያውን ብረት መዘዙ፤ ዘይቱ ጥቁር ነው፣ ወተት አልመሰለም። የራዲያተሩን ክዳን ሲከፍቱ ውሃው ዝጎ ቀልቷል፤ ዘይት ግን አልተንሳፈፈበትም። ጭንቅላታቸውን ነቀነቁ። ይህ ሁሉ ቴስታታው ጤነኛ ነው ለማለት ማስረጃ አይሆንም፤ ጭራሽ የሞተ እንዳልሆነ ግን ይናገራል። እኔ በበኩሌ ከሁሉም አቅጣጫ ፎቶ አነሳሁ፤ ከኮፈኑ ሥር ያለውን እያንዳንዱን ዕቃ ለብቻው። ያኔ ለማስታወሻ ብዬ ነበር።

ዋጋውን ያወጣነው ሻሸመኔ ምሳ ላይ ነው። ጋሼ አንድ ነገር አጥብቀው ያዙ፦ እያንዳንዱን ዕቃ ሶማሌ ተራ የሚሸጥበትን ሳይሆን፣ እኔ ተሸክሜ ብሄድ ነጋዴው የሚሰጠኝን እንድጽፍ። ልዩነቱ ግማሽ በግማሽ ነው። ብሩን እዚህ ብጽፈው ለአንባቢ በሚቀጥለው ወር አይጠቅምም፤ ምጣኔው ግን ይጠቅማል። ስለዚህ ያቀረብኩትን ዋጋ 100 ብዬ ሌላውን በእሱ ልናገር። ለራሴ መኪኖች የምፈልጋቸው፣ ማለትም ቴስታታው፣ ፓምፑ ከነኖዝሎቹ (ናፍጣ መርጫዎቹ)፣ ሞተሪኖው (ማስነሻው)፣ ዲናሞው (ባትሪ የሚሞላው)፣ ራዲያተሩና የፊት መስታወቱ፣ በድምሩ 70 ወጡ። ያለ ጥርጥር ይሸጣሉ ያልናቸው ካምቢዮው፣ ባሌስትራዎቹና ቸርኬዎቹ 45። ጠቅላላ 115። የጨረታው ዋጋ ተጨማሪ እሴት ታክስን እንደማይጨምር ሰነዱ ላይ ስላነበብኩ በ100 ላይ የሚታከለውን 15 ከመቶ ቀንሼ 100 ጻፍኩ። ሂሳቡ እኩል ገባ። እኩል በመግባቱ ደስ አለኝ፤ የተሳሳትኩትም እዚያው ላይ ነው። ከሐዋሳ የሚያስመጣትን፣ የምትቆምበትን፣ የሚፈታትን ሰው ደሞዝ የትም አልጻፍኩትም።

ሲፒኦ አሠርቼ በታሸገ ፖስታ አስገባሁ። ፖስታዎቹ ሲከፈቱ ሁለተኛ ወጣሁ። አንደኛው ከእኔ በ40 በልጦ ነበር፤ በግልጽ ሊነዳት ያሰበ ሰው ነው። ተስፋ ቆርጬ ተመለስኩ። ከሦስት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ፦ አሸናፊው በጊዜ ገደቡ አልከፈለም፣ ማስከበሪያው ተወርሶበታል፣ በራስሽ ዋጋ ትወስጃለሽ ወይ? አዎ አልኩ፤ ከፈልኩ።

ልንረከብ ስንሄድ ዲናሞው የለም። ብሎኖቹ በሥርዓት ተፈትተዋል፤ ቀበቶው ተቆርጦ ተንጠልጥሏል። ፎቶዎቹን አወጣሁ፤ ባየናት ቀን ዲናሞው በቦታው ነበር። የንብረት ክፍሉ ሠራተኛ ፎቶውን በትኩረት አየ፣ አዘነም፤ ከዚያ ሰነዱን ገልጦ አንዱን መስመር በጣቱ አሳየኝ። «እህቴ፣ ባለበት ሁኔታ ነው የሚለው።» እኔ ባለበት ሁኔታ ማለት ባየሁት ሁኔታ ነው ብዬ ተከራከርኩ፤ እሱ በተረከብሽው ሁኔታ ነው አለኝ። እስከ ኃላፊው ድረስ ሄድን። መልሱ አልተለወጠም። ዛሬም ድረስ እኔ ትክክል ነኝ ብዬ አምናለሁ፤ ሰው ገንዘቡን የሚያቀርበው ለታየ ንብረት ነው፣ ከታየበት ቀን እስከ ርክክብ ያለው ጥበቃም የባለንብረቱ ኃላፊነት ነው። ክስ ግን ከአንድ ዲናሞ ይበልጣል። ርክክቡ ላይ የጎደለውን በጽሑፍ አስመዝግቤ ፈረምኩ። አሁን ቢሆን የምጠይቀው በመጀመሪያው ጉብኝት ቀን የዕቃ ዝርዝር ተዘጋጅቶ ሁለታችንም እንድንፈርምበት ነው፤ እምቢ ካሉኝም ተነቅሎ ሊሄድ የሚችለውን ሁሉ ከሂሳቤ አወጣለሁ።

በሎቤድ ተጭና አዲስ አበባ ገባች። የጋሼ ጋራዥ ጠባብ ስለሆነ ከጎን ያለውን ባዶ ግቢ ተከራየሁላት። ከዚያ በኋላ የመጀመሪያው ሳምንት ቆንጆ ነበር። ልጆቹ ብሎን በፈቱ ቁጥር ከወጣበት ዕቃ ጋር በከረጢት አስረው፣ በቀለም እየጻፉ መደርደሪያ ላይ አስቀመጡ። ጋሼ አሮጊቷ አሏት፤ ስሙ ጸደቀ።

ቴስታታው ወርዶ ሬቲፊካ (ሞተር የሚላግበት ቤት) ሄደ። ውሃ መሄጃውን ዘግተው በግፊት ሲፈትኑት ስንጥቅ አልተገኘበትም። ደስታችን ሳይሞላ ግን ባለሙያው ውፍረቱን ለካው፤ ከዚህ በፊት ተልጓል። አንድ ጊዜ ደግሞ በስሱ ቢላግ ይችላል፣ ከዚያ ወዲያ ግን ብረት አይቀረውም አለን። ቴስታታ ሲላግ ባልቦላዎቹ ወደ ፒስተኑ ይቀርባሉ፤ ስለዚህ መቀመጫቸውን ዝቅ አድርጎ፣ ትንሿን ክፍልም ደረጃዋን አስተካክሎ ሰጠን። በዚህ መሃል ጋሼ የአሮጊቷን የታች ሞተር ሲያዩት ከእኔው የተሻለ ሆኖ አገኙት። ሲሊንደሩ ላይ የፋብሪካው የመስቀል መስመር ገና ይታያል፤ ብዙ አልተበላም ማለት ነው። «ልጄ፣ ቴስታታ ብቻ ከምንጭን ሞተሩን እንዳለ እናዙረው» አሉኝ።

ቃላቸውን የማልሰማበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ ይህ አንዱ ነበር። ሊብሬ ላይ የሻንሲ ቁጥር ብቻ አይደለም የተጻፈው፣ የሞተርም አለ። ሞተር ከተለወጠ የለውጡን ሕጋዊነት አስረድቶ፣ አስመርምሮ ማስመዝገብ ግድ ነው። የጨረታ ሰነዱ ስላለኝ ይቻል ነበር። ነገር ግን የቱሪስት ወቅት በደጅ ነው፤ መኪናዋ ለወረቀት አንድ ወር ብትቆም የምታጣው ገቢ ከተሻለው ሲሊንደር ይበልጥብኛል። ቴስታታው ብቻ ተጫነ። ጋሼ ሥራውን ሲጨርሱ እጃቸውን እየጠረጉ «አንቺ ያልሽው ይሁን፣ ግን ያ ሞተር ያሳዝነኛል» አሉ። እኔንም ያሳዝነኛል።

ፓምፑ ለሁለተኛዋ መኪና ሆነ። በመጀመሪያ እንዳለ ገጥመን ስናስነሳት ጥቁር ጭስ ለቀቀች። ሐዋሳ ከአዲስ አበባ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች፤ አየሩ ወደ ላይ በሳሳ ቁጥር ያው ናፍጣ ይበዛና ሳይቃጠል ይወጣል። ፓምፕ ቤት ተወስዶ ተለካ፣ ተስተካከለ፣ ጭሱ ጠፋ። መስታወቱ ልክ ገባ። ራዲያተሩ ግን ሲፈተን ከሥሩ በስብሷል፤ ለቆራሌው ተሰጠ።

ሽያጩ ያልጠበቅሁትን አስተማረኝ። ካምቢዮው በሦስት ቀን ሄደ፤ ኤች 55 ኤፍ ጠንካራ ነው ብለው የሚፈልጉት ባለ 75ቶች ብዙ ናቸው። ባሌስትራዎቹንና ቸርኬዎቹን አንድ ሰው ጠቅልሎ ወሰዳቸው። በሮቹን፣ ወንበሮቹን፣ ክሩስኮቶውን፣ የኋላውን ዲፈረንሻል ማንም አይፈልጋቸውም ብዬ ነበር፤ ቀስ በቀስ በአምስት ወር ተሸጡ።

ከሁሉም ከፍተኛውን ዋጋ ያቀረበው ሰው ግን ዕቃ አልፈለገም። አንድ ቀን ማታ ጥሩ የለበሰ ሰው መጣና ሊብሬውንና የሻንሲው ቁጥር ያለበትን ቁራጭ ብረት ብቻ እንድሸጥለት ጠየቀኝ። የሰጠኝ ዋጋ ጠቅላላ ከከፈልኩት ይቀራረባል። ለምን እንደፈለገው አልነገረኝም፤ መንገርም አያስፈልገውም። የሞተች መኪና ስም ለተሰረቀች ወይም በኮንትሮባንድ ለገባች መኪና ልብስ ይሆናል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ሰው ገድላ ብታመልጥ ስሟ የእኔ አሮጊት ስም ነው፤ ከዚያም በላይ፣ መኪናው የተሰረቀበት ሰው እንደ እኔ ልጆቹን በእሷ የሚያሳድግ ሊሆን ይችላል። ሰውየውን ሸኘሁት። በማግስቱ ሻንሲውን በጋዝ አስቆርጬ፣ ሰሌዳዋንና ሊብሬዋን ወስጄ ከመዝገብ አሰረዝኳት። ማሰረዙ ከጠበቅሁት በላይ አመላለሰኝ፤ መኪና የሚያስመዘግብ እንጂ የሚያሰርዝ ሰው ብዙም አይመጣ ይሆናል። የተቀበልኩት ደረሰኝ ከጨረታ ሰነዱ ጋር በአንድ ፋይል ተቀምጧል።

ሂሳቡ ይህን ይመስላል። ለጨረታው 100፣ ለታክሱ 15፣ ለሎቤድና ለጭነት 6፣ ለግቢው ኪራይ 7፣ ለመፍታት ሥራ 6፣ ለወረቀት ጉዳይ 2፤ ጠቅላላ ወጪ 136። ወደ መኪኖቼ የገባው ዕቃ፣ ዲናሞውና ራዲያተሩ ከወጡ በኋላ፣ 58 ነው። የተሸጠው 61። ሲደመር 119፤ 17 ይጎድላል። እንደ ንግድ ካየነው ከሰርኩ። እንደ መኪና ባለቤት ካየሁት ግን ያ 58 ነጋዴ ለእኔ በሚከፍለው የተገመተ ነው፤ ያንኑ ዕቃ ከነጋዴው ብገዛ እጥፍ እከፍል ነበር። ከዚያ ደግሞ የፈተንኩትን፣ ከየት እንደመጣ የማውቀውን ቴስታታ ነው የጫንኩት። ጋሼ ይህንን ሁለተኛውን ስሌት ይወዳሉ። እኔ ሁለቱንም አንድ ላይ ነው የምይዛቸው፤ ይህ ሁሉ በወሰደው ሰባት ወር ውስጥ በየቀኑ ግቢው ሄጄ ያጠፋሁት ሰዓት በየትኛውም አልተጻፈም።

የመጀመሪያዋ መኪና ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ አፋር ወርዳ ተመልሳለች። ሾፌሬ ባቲ ሲደርስ ቆሞ ውሃ ያያል፤ ኮምቦልቻ ሲገባ ደግሞ ይደውልልኛል። የታች ሞተሩ ጋራዡ ጥግ ላይ ዘይት ተቀብቶ፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል፤ ወቅቱ ሲያልፍ የምዝገባውን ጉዳይ እጀምራለሁ ብዬ ለጋሼ ቃል ገብቻለሁ። የፊተኛው አክሰል አልተሸጠም ነበር። ባለፈው ሳምንት ከጅማ አንድ ሰው ደውሎ፣ 75 ናት ወይስ 78፣ ዳዶዋ ስንት ነው ብሎ ጠየቀኝ። ስድስት አልኩት። ቅዳሜ እመጣለሁ ብሏል።